የእቴጌይቱ ማዕድ

አባቴ ከነፋስ መውጫ ሊጠይቀኝ የመጣ ጊዜ፣ ምሳ የጋበዝኩት ፒያሳ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነበር። ሰፊው የእንጨት ደረጃ ድግስ ቤት መስሎት ኖሮ፣ በልቶ ሲያበቃ እንደ ጋይንት ወጉ ሊመርቅ ቆመ። «ባለቤቱ የታሉ?» አለኝ።

«እቴጌ ጣይቱ ነበሩ፤ በ1910 ዓ.ም. ዐርፈዋል» አልኩት እየሣቅሁ። ታሪኩንም አጫወትኩት፦ ምግብ በገንዘብ መብላት ነውር በነበረበት ዘመን ሆቴሉን ደፍሮ የሚገባበት ሰው ጠፋ፤ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው በልተው ከፈሉ ይባላል።

«ንጉሡም ከፍለው ነው የበሉ?» አለና ሳይመርቅ ተቀመጠ።

እኔ ባንክ ቤት የሰው ብር ስቆጥር የምውል ሰው፣ ያን ቀን ሒሳቡን አባቴ እንዳያየኝ ከጠረጴዛው ሥር ቆጠርኩ።

በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጃዛምባን አውድሞ የሆቴሉን ከፊል በጎዳ ጊዜ አባቴ ደወለልኝ። «ያ የበላንበት ቤት ተቃጠለ አሉ። ምነው ያኔ መርቄው ቢሆን!»

አባቴ ዛሬ የለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ሆቴሉ ተርፏል። አንዳንዴ ጎራ እላለሁ። በልቼ ሳበቃ፣ ሒሳብ ከመጠየቄ በፊት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ማዕዱን ያብዛው፤ ቤቱን ያጽናው» እላለሁ።

አስተናጋጁ የጠራሁት ይመስለውና ይመጣል።