ፍሬን ሲላላ ዳዶ ማጥበቅ ብቻ አይበቃም

አሮጌ ሞተር የምታድሱ ወዳጆቼ፣ በተለይ ለልጆቻችሁ ትንሿን ሆንዳ የምታፈላልጉ፣ ይህን ጽሑፍ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የማወራው ስለ ሆንዳ ዜድ50 ነው፤ ብዙዎች «መንኪ» ስለሚሏት። ታሪኳ የሚጀምረው በ1961 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ ከተከፈተው ታማ ቴክ ከተባለ የመዝናኛ ስፍራ ነው። የመጀመሪያዋ የተሠራችው ልጆች እዚያው ግቢ ውስጥ እንዲነዷት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ባለ 49 ሲሲ ሞተር፣ ባለ 8 ኢንች ጎማ ሆና አሜሪካ ስትገባ የብዙ ልጆች የመጀመሪያ ሞተር ሆነች። አሁን እዚህ አሜሪካ ከየጋራዡ እየወጣች ትሸጣለች። የገዛት ሰው ቀለሟን፣ ክሮሟንና ወንበሯን አሳምሮ ያድሳል። ፍሬኑ ጋ ሲደርስ ግን ካቦውን ወጠር አድርጎ ያልፈዋል።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ለልጁ የገዛትን አመጣልኝ። ቀለሟ አዲስ ነው። የፊት ፍሬኑን እጀታ ስጨብጠው ግን መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ የካቦው ማስተካከያ ዳዶ ደግሞ ጥርሱን ጨርሶ ጥግ ደርሷል። ከዚህ በላይ የሚጠብቅ ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታምቡሩ ውስጥ ሸራ የተለጠፈባቸው ሁለት ቅስቶች አሉ። ካቦው ሲሳብ ከውጭ ያለችው ክንድ ትዞራለች፤ ከክንዷ ጋር የሚዞረው ካም ቅስቶቹን ወደ ውጭ ይገፋና ሸራው ከታምቡሩ ጋር ይፋተጋል። ሸራው በሳሳ ቁጥር ካሙ የበለጠ መዞር አለበት። ፍሬኑ ሲያዝ በክንዷና በካቦው መካከል ያለው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ካለፈ የእጃችን ኃይል ይባክናል። አንዳንዱ ሰው ይህን ለማካካስ ክንዷን ነቅሎ በካሙ ጥርስ ላይ ወደ ኋላ መልሶ ይገጥማታል። አደገኛ ነው። ካሙ ከመጠን በላይ ዞሮ ተመልሶ ላይገባ ይችላል፤ ያኔ ጎማው እንደተያዘ ይቀራል።

ታምቡሩን ስንከፍተው ያሳሰበኝ የሳሳው ሸራ ብቻ አልነበረም። አንደኛው ሸራ ገና ወፍራም ነው፤ ላዩ ግን እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። የቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ በሸራውና በብረቱ መካከል ሳስጠጋ ያለ ምንም ኃይል ገባ። ከ50 ዓመት በላይ የቆየው ማጣበቂያ ለቋል። እንዲህ ያለ ሸራ በጉዞ መሐል ተላቆ ታምቡሩ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል። ስለዚህ «ብዙ አልተነዳችም፤ ሸራው ወፍራም ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ዋስትና አይደለም። ሸራ በመነዳት ብቻ ሳይሆን በመቀመጥም ያረጃል።

ሌላም አለ። በዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የተለመደ ነበር፤ ብናኙ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። በኮምፕረሰር አትንፉት፣ በደረቅ ብሩሽ አትጥረጉት። ርጥብ አድርጋችሁ በጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን ላስቲክ ውስጥ አሽጉት፤ ልጆችም አይቅረቡ። ሰብሳቢዎች በውድ የሚገዙት ካርቶኑ ያልተከፈተ የዘመኑ ሸራም ያንኑ አስቤስቶስ ሊይዝ ይችላል። አሜሪካ እንዲህ ያለውን የፍሬን መለዋወጫ የሚከለክል ደንብ ያወጣችው በ2024 ነው።

ኦሪጅናሉ ካልተጠበቀ ምኑን ታደሰ የሚሉ አሉ። የፋብሪካውን ዕቃ ማክበራቸውን እኔም እጋራለሁ። ግን ሸራ ከመጀመሪያው እንዲያልቅ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። ኦሪጅናሉን የሚወድ ሰው የድሮዎቹን ቅስቶች አስቀርቶ በባለሙያ አዲስ ሸራ ያስለጥፍባቸው። ካልሆነም አዲስ ይግዛ። ሆንዳ ራሱ በ2018 መንኪን በ125 ሲሲ ሲመልሳት የድሮ መልኳን ጠብቆ የፊትም የኋላም ፍሬኗን ዲስክ አድርጎታል።

ሸራው ሲቀየር ሞላዎቹና ካቦው አብረው ይቀየሩ፤ የካቦ ሽቦ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ እጀታው ሥር ተደብቆ ነው። ታምቡሩ ከተቦረቦረ ይለካ። የካሙ ማዞሪያ ላይ ግራሶ በስሱ ይቀባ፤ ሸራው ላይ ጠብ እንዳይል። የጎማውን ፔርኖ ከማጥበቃችሁ በፊት ፍሬኑን ጨብጣችሁ ያዙ፤ ያኔ ቅስቶቹ መሐላቸውን ያገኛሉ። ከዚያ ሸራው ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ ድረስ ቀስ እያላችሁ ንዱ፣ ደጋግማችሁም አቁሙ።

አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። ሞተር ላይ የሚወጣው ልጅ «ፍሬን አለው» ሲሉት አምኖ ነው የሚነዳው። ያንን ቃል ታምቡሩን ከፍቶ ያላየ ሰው ሊሰጠው አይገባም። አሮጌ ሞተር የምትገዙ ሁሉ መጀመሪያ የፍሬኑን ሥራ ጨርሱ፤ ቀለሙና ክሮሙ ይደርሳሉ።