ከትምህርት ቤት ሜዳ እስከ ኦሊምፒክ

አምቦ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ውኃው ነው። እኛ የዚያ አገር ልጆች በዚህ ዩኒቨርሲቲ ራሳችንን ባስተዋወቅን ቁጥር «ጠርሙሱን የት ረሳችሁት?» የሚለውን ቀልድ ሰምተን ሰምተን ጠግበነዋል። ውኃው ተወርቶ ሲያበቃ ደግሞ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይነሣል። ሯጭ ግን የሚያነሣ የለም። የሩጫ ነገር የመጣ እንደ ሆነ ጓደኞቻችን ሁሉ ፊታቸውን ወደ አርሲ መልሰው በቆጂ፣ አሰላ እያሉ ይቆጥራሉ። እኛም «የኢትዮጵያ የሆነ ሁሉ የእኛም ነው» ብለን እናልፋለን፤ በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው መሆኑ ነው።

በዚህ ምክንያት ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ከጌዶና ከጀልዱ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች አንድ ማታ ተሰብስበን የራሳችንን ሰዎች መቁጠር ጀመርን። ቆጠራው የተጀመረው በኩራት ነበር፤ ያደረሰን ግን ወደ አንድ ጥያቄ ነው። ይህን የምንጽፈውም ጥያቄውን ለአንባብያን ለማካፈል ነው።

ኩራቱን እናስቀድም። ፊጣ ባይሳ በታኅሣሥ 1965 ዓ.ም. በአምቦ ተወለደ። በ1982 ዓ.ም. ክረምት በቡልጋሪያ፣ በፕሎቭዲቭ ከተማ፣ በተደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ5,000 ሜትር አንደኛ ሲወጣ ዕድሜው 17 ነበር። በዓመቱ፣ የደርግ መንግሥት ከወደቀ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ከኬንያዊው ከዮቤስ ኦንዲየኪ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። በነሐሴ 1984 ዓ.ም. ደግሞ በባርሴሎና ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳልያ አገኘ። አንደኛ የወጣው ጀርመናዊው ዲተር ባውማን 5,000 ሜትሩን የፈጸመው በ13 ደቂቃ ከ12.52 ሴኮንድ ነው፤ ፊጣ በ13 ደቂቃ ከ13.03 ሴኮንድ። በወርቅና በነሐስ መካከል የነበረው ግማሽ ሴኮንድ ብቻ ነው። ባርሴሎና ኢትዮጵያ ከሞስኮ ወዲህ 12 ዓመት ከኦሊምፒክ ርቃ የተመለሰችበት ነበር። ይዛ የገባችውም ሦስት ሜዳልያ ነው፤ የደራርቱ ቱሉ ወርቅ፣ የአዲስ አበበ ነሐስና የፊጣ ነሐስ። ከሦስቱ አንዱን ያመጣው የ19 ዓመት ወጣት ነው፤ በእኛ አገር ይህ ዕድሜ ብዙ ልጅ ገና የመጨረሻውን ክፍል የሚማርበት ነው። ከስምንት ዓመት በኋላም፣ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ፣ ሚሊዮን ወልዴ ወርቅ ባገኘበት በዚያው ርቀት ፊጣ አራተኛ ወጥቶ ነበር።

ሁለተኛው ሰው ፈይሳ ሌሊሳ ነው። ፊጣ በፕሎቭዲቭ ባሸነፈበት ዓመት፣ በጥር 1982 ዓ.ም.፣ በጀልዱ ወረዳ ተወለደ። በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. በ20 ዓመቱ የሮተርዳምን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ሮጠ። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ከኤሊዩድ ኪፕቾጌ ቀጥሎ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሴኮንድ ሲገባ ሁለት ክንዶቹን ከራሱ በላይ አነባብሮ ዓለም ሁሉ አየው። ከዚያም ሁለት ዓመት ያህል በአሜሪካ ቆይቶ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ።

ስለዚያ ምልክት ብዙ ተጽፏል። እኛ የምናነሣው ግን ብዙ ሰው የዘነጋውን አንድ ነገር ነው። ፈይሳ የደገፈው ተቃውሞ የተቀሰቀሰው በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ነበር፤ ጊንጪም እንደ አምቦና እንደ ጀልዱ የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ ተማሪዎችና ነዋሪዎች የወጡት አንድ ደንና አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ለኢንቨስትመንት መሰጠቱን በመቃወም ነው። ነገሩ ከዚያ በኋላ እጅግ ሰፍቶ የሜዳው ወሬ ተረሳ። ይሁን እንጂ በሪዮ የተነባበሩት ክንዶች መነሻቸው ሲፈለግ፣ ከሌላው ነገር ሁሉ ጋር፣ ልጆች የሚጫወቱበት አንድ ሜዳ ይገኛል። ይህን ስናስተውል ቆጠራችን መልኩን ለወጠ። ሰዎቹን መቁጠር ትተን ስለ ሜዳው መጠየቅ ጀመርን።

የትምህርት ቤቶች ውድድር በአምቦ ምን እንደሚመስል ያላየ አንባቢ ይኖር ይሆናል። የጉደር ልጆች 12 ኪሎ ሜትሩን በአይሱዙ ተጭነን እየዘፈንን እንመጣለን። የጀልዱ ልጆች ከደጋው ገና በጨለማ ተነሥተው ስለሚወርዱ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ያሟሙቃሉ። መስመሩ የሚሠመረው በኖራ ነው፤ ኖራው ሲያልቅ በአመድ። ማስነሻው ሽጉጥ ሳይሆን ፊሽካ ነው። ሸራ ጫማ ያለው ለሌለው ያውሳል፤ 100 ሜትር የሮጠው ልጅ ጫማውን እዚያው አውልቆ 1,500 ሜትር ለሚሮጠው ያቀብላል። ጫማው የጠበበው በባዶ እግሩ ይሰለፋል፤ እርሱ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም «አበበ ቢቂላ!» እየተባለ ይጨበጨብለታል፤ አበበ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ፣ ከጳጉሜን 1952 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአገራችን ጫማ ያጣ ሯጭ ሁሉ መጽናኛው ይህ ስም ነው።

በዚያ ቀን የሚሮጠው ብቻ አይደለም የሚሰለፈው። ርዝመት ዝላይ አለ፤ ከፍታ ዝላይ አለ፤ ዘላዩም የሚወድቀው ጭድ በተሞላ ጆንያ ላይ ነው። አሎሎ፣ ዲስከስና ጦር ውርወራም አለ። ከጌዶ የመጣች አንዲት ልጅ አሎሎውን አንሥታ ከአገጯ ሥር ስታስጠጋ ዳኞቹ ራሳቸው ወደ ኋላ ሲሸሹ አይተናል። ታዲያ ይህች ልጅ የት ትድረስ? ኢትዮጵያ እስከ ፓሪስ ኦሊምፒክ፣ ይኸውም እስከ 2016 ዓ.ም.፣ ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳልያዎች በሙሉ ከሩጫ ናቸው፤ ከሩጫም ከ800 ሜትር ወደ ላይ ካለው። በ800 ሜትር እንኳ ጽጌ ድጉማ በፓሪስ ብሩን እስክታመጣ ድረስ ሜዳልያ አልነበረንም። እንግዲህ ከትምህርት ቤት ሜዳ ወደ ኦሊምፒክ የሚወስደው በር ለረጅም ርቀት ሯጮች ጠባብ ነው፤ ለአሎሎ ወርዋሪዋ ግን ከነጭራሹ አልተከፈተም። ሜዳውን የምንጠብቀው ኦሊምፒያን እንዲወጣበት ብቻ ከሆነ እርሷን «ሂጂ፣ ቦታ አታጣቢ» ማለታችን ነው።

አንዳንድ ሰው «ኦሊምፒያን የሚወጣው በአየሩና በደጋው ነው» ይላል። በርግጥ ደጋው ይረዳል። ነገር ግን ደጋ በኢትዮጵያ ሞልቷል፤ ጀልዱም ደጋ ነው፤ በቆጂም ደጋ ነው። በቆጂ ከሌላው ደጋ የተለየችው በአንድ መምህር ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ስንታየሁ እሸቱ በዚያች ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠኑት እርሳቸው ናቸው። ታላቅ ስታዲየም አልነበራቸውም። የነበራቸው ሜዳና ፊሽካ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላ የተሻለ ቦታ ሳይፈልጉ በዚያው ከተማ መቆየታቸው ነው። መምህሩ በየዓመቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ልጁ ባለፈው ዓመት በስንት ደቂቃ እንደ ሮጠ ማን ያስታውሳል?

ትምህርት ቤት ራሱ፣ ሜዳ ባይኖረውም እንኳ፣ ሯጭ ያፈራል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አካባቢ ሲያድግ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት፣ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኖ ሲሮጥም ግራ ክንዱን አጥፎ መያዙ መጻሕፍቱን ታቅፎ ከመሮጥ የቀረ ልማድ ነው ይባላል። እኛን ይህ ታሪክ ደስ የሚያሰኘን መጽሐፉና ሩጫው በአንድ ልጅ ገላ ላይ ተስማምተው ስለሚታዩ ነው። በአካባቢያችን ግን ሁለቱን ሲያጣሉ እናያለን።

አንድ የክፍላችን ልጅ ነበር፤ ስሙን አንጽፍም። በ5,000 ሜትር ከእኛ መካከል የሚደርስበት አልነበረም። አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ አባቱ «ሩጫ እንጀራ ይሆናል ወይ? ጥናትህን ያዝ» አሉት። አሠልጣኝ ነኝ ያለ ሰው ደግሞ «ትምህርቱን ተውና አዲስ አበባ ና፤ ክለብ አስገባሃለሁ» አለው። ልጁ የሁለተኛውን ሰማ። ሁለት ዓመት በኪራይ ቤት ከስምንት ልጆች ጋር እየተኛ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ እየወጣ ቆየ። ከዚያ ጉልበቱ ታመመ። ወደ አገሩ ሲመለስ ትምህርት ቤቱ «የምዝገባ ጊዜ አልፏል፤ ስምህም ከመዝገብ ወጥቷል» አለው። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፤ ስንገናኝ አያስከፍለንም፤ እኛም በግድ እንከፍለዋለን።

ይህን ታሪክ ለሽማግሌዎች ብንነግራቸው «እንግዲያው አባቱ ልክ ነበሩ» ይሉናል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከተፈተኑት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። ማለት ከመቶ ልጆች ዘጠና ስድስት ወይም ዘጠና ሰባቱ በጥናቱም መንገድ አልደረሱም። ስለዚህ ለልጁ «ሩጫ ጠባብ በር ነው፤ በሰፊው በር ግባ» ብለን ስንመክረው የምናሳየው ሌላ ጠባብ በር ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በሁለቱም በኩል ይሠራል፤ ሩጫን ብሎ ትምህርቱን የጣለ አለ፤ ትምህርትን ብሎ ሩጫውን ጥሎ ሁለቱንም ያጣ አለ። ልጁን አንዱን ምረጥ እያሉ ማስጨነቁ ነው ስሕተቱ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት የሚሮጥ ተማሪ ከመጽሐፍ የሚያጣው ምንድን ነው? ለውድድር ወይም ለልምምድ የሄደ ልጅስ ቦታው ቢጠበቅለትና ሲመለስ ቢቀበሉት ትምህርት ቤቱ የሚጎዳው ምንድን ነው?

እንግዲህ ያደረሰን ጥያቄ ይህ ነው። ሜዳው የማነው? መልሳችን የፊጣና የፈይሳ ብቻ አይደለም የሚል ነው። እነርሱ ከአርባ ተሰላፊ አንድ ናቸው፤ ሠላሳ ዘጠኙ ባይሰለፉ ግን አንዱ ፈጣን መሆኑ በምን ይታወቅ ነበር? ሁለተኛ የወጣው፣ መጨረሻ የገባው፣ ጫማውን ያዋሰው፣ አሎሎ ወርዋሪዋ፣ ኖራ የበተነው፣ ሁሉም የኦሊምፒያኑ ባለ ዕዳዎች ሳይሆኑ አበዳሪዎች ናቸው። ሜዳው ለአርባው ሁሉ ጤናና ደስታ፣ ከሌላ ከተማ ልጅ ጋር በሰላም የመፎካከር ልማድ ከሰጠ ሥራውን ሠርቷል። ኦሊምፒያን ቢወጣበት ምርቃት ነው።

ምኞት ብቻ ጽፎ መቀመጥ የተማሪ ልማድ ነው እንዳንባል፣ በክረምቱ ወደየቤታችን ስንመለስ ልናደርግ የተስማማንበትን እንግለጽ። አንደኛ፣ የተማርንበትን ትምህርት ቤት ሜዳ በሜትር እንለካለን፤ የይዞታ ካርታ እንዳለውም ርእሰ መምህሩን እንጠይቃለን፤ ካርታ የሌለው ሜዳ ነገ የሌላ ሰው ግንብ ይሆናልና። ሁለተኛ፣ የውድድር ውጤት የሚጻፍበት አንድ ወፍራም ደብተር ገዝተን ለስፖርት መምህሩ እንሰጣለን፤ የአንደኛው ብቻ ሳይሆን የተሰላፊው ሁሉ ስምና ሰዓት፣ የወርዋሪዋም ሜትር ይጻፍበታል፤ መምህሩ ቢለወጥ ደብተሩ ይቆያል። ሦስተኛ፣ ለልምምድ ብለው ትምህርት ያመለጣቸውን ሯጮች ማታ ማታ ሒሳብና እንግሊዝኛ እናስጠናለን። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገን አንድ የመለኪያ ገመድ፣ አንድ ደብተርና የአንድ ክረምት ማታ ማታ ጊዜያችን ነው። ገንዘቡን አዋጥተናል፤ ገመዱም ተገዝቷል።

ከሌላ አካባቢ የመጣችሁ ጓደኞቻችን ደግሞ የየአገራችሁን ሜዳ ለክታችሁ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን። የበቆጂ ልጆችም ብትሆኑ አንቀርባችሁም፤ ፊሽካው በእናንተ ዘንድ እንዴት ሳይጠፋ እንደ ኖረ ብትነግሩን ከሜዳልያው ወሬ ይልቅ ይጠቅመናል።