ቁጥሯ ስንት ነው?

በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር መግቢያ ላይ የወንድሜ ልጅ ከዴንቨር መጣ። በቀጥታ አልመጣም፤ መንገድ ላይ ኦስትሪያ ወርዶ፣ አንድ ሳምንት በበረዶ ተራራ ላይ ሲንሸራተት ሰንብቶ ነው ጥምቀትን ከኛ ጋር ሊውል የደረሰው። ሻንጣው ሲከፈት ከልብሱ ሥር ሁለት ግዙፍ ነገሮች ወጡ። ፕላስቲክ ናቸው፤ ዘለበት አላቸው፤ አፍንጫቸው ላይ ግራና ቀኝ ትንንሽ የብረት ቀዳዳ አላቸው። ባለቤቴ አገላብጣ አየቻቸውና «ይኼ ደግሞ የሞተር ሳይክል ዕቃ ነው?» አለች።

«ጫማ ነው፣ እትዬ» አለ ልጁ።

ቀድሞ መናገሩ ደግ አደረገ፤ እኔ የራስ ቁር ነው ልል ነበር።

እንግዲህ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ስለ ቅርጽና ይዘት ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ቅርጽ ለይዘቱ መታዘዝ አለበት እያልኩ ስንቱን ተማሪ አሰልችቻለሁ። ነገሩ በትክክል የገባኝ ግን ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ፣ በጫማ ነው።

ልጁ ማስረዳት ይወዳል። በፈረንጅ አገር በረዶ ላይ ለመንሸራተት የሚሄደው ሰው አብዛኛው ወደ ተራራው አናት የሚወጣው በገመድ በሚጎተት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። የሱ ቢጤዎች ግን ወንበሩን ይንቁታል። በእግራቸው ይወጣሉ። ወደ ኋላ እንዳይከዳቸው መንሸራተቻው ሥር ፀጉራም ጨርቅ ይለጥፋሉ። «ድሮ የአቆስጣ ቁርበት ነበር» ሲለኝ ኦሪት ዘጸአት ትዝ አለኝ። ሲወጡ ጫማው ከመንሸራተቻው ጋር የሚያያዘው በጣት በኩል ብቻ ነው፤ ተረከዙ ይነሣል፣ ቁርጭምጭሚቱም እንደልቡ ይታጠፋል። አናት ላይ ሲደርሱ ጨርቁን ልጠው ያነሡታል፣ ተረከዙን ይቆልፉታል፣ የጫማውን ቅልጥም ቀጥ አድርገው ያስሩታል። ከዚያ ቁልቁል መብረር ነው።

ጣጣውን አያችሁት? አንድ ጫማ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይጠየቃል። ሲወጡ እንደ ሸራ ጫማ ቀላልና ልፍስፍስ፣ ሲወርዱ እንደ ጀሶ ድርቅ ያለ መሆን አለበት። ልጁ ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ከአንድ ኪሎ በታች ነው፤ ሌላው ኪሎ ተኩል ያልፋል። ቀላሉ ዳገት ላይ ያስመሰግናል፣ ቁልቁለት ላይ ግን ይወላገዳል፤ ከባዱ የዚህ ግልባጭ ነው። ስለዚህ ሲያወዳድር፣ ሲቆርጥ፣ ሲቀጥል ነው የሚከርመው። የውስጥ ገበሩን በምድጃ አሙቆ ሳይበርድ ያጠልቀዋል፤ ገበሩም የእግሩን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ውጭውን ፕላስቲክ ደግሞ ትንሿ ጣቱን በሚቆረቁርበት ቦታ በሞቀ አየር አለስልሶ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ትርፍ የሆነውን ሁሉ በመቀስ ይቆርጣል።

«አርባ ግራም አስቀነስኩት» አለኝ ኮራ ብሎ።

አርባ ግራም የአንድ እንቁላል ክብደት አይሞላም። ሳቅሁበት። ያንን ሳቄን በኋላ አፍሬበታለሁ።

«በረዶና ሐበሻን ምን አገናኛቸው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. ቶሪኖ ላይ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በበረዶ ሸርተቴ አገር አቋራጭ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል፤ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ደግሞስ ብርድ እኛ ዘንድ የለም ያለው ማነው? እኔ የጉና ሥር ልጅ ነኝ። ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ርብና ጉማራ ከሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት አመዳይ ይጥላል። ጠዋት ከብት ስንነዳ ሣሩ ከባዶ እግራችን ሥር እንደ ብርጭቆ ይንኮሻኮሽ ነበር። እግራችንን የምናሞቀው ላም ተኝታ በተነሣችበት ቦታ ላይ ቆመን ነው።

ጥምቀትን ልንውል ወደዚያው ሄድን። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ከባሕር ዳር ወረታ፣ ከወረታ ወደ ቀኝ ታጥፈን ደብረ ታቦር። ልጁ ያን ጫማውን ለዘመድ ልጆች ላሳይ ብሎ ይዞታል። ጋፋት ከከተማው ብዙ አይርቅም፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ቦታ ነው። እኔም የአስተማሪነት አመሌ ተነሥቶብኝ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ እንደደረሰ አወራሁለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «የጎተቱት ሰዎች እግራቸው ላይ ምን ነበር?» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ክምር ድንጋይ አካባቢ ነው። ስንገባ እንደወትሮው መደብ ላይ ተቀምጣ፣ ጋቢዋን እስከ መሬት ለቃው ነበር። ልጁ እንዳስተማርነው ጉልበቷን ሊስም ዝቅ አለ። ጋቢው ተገለጠ። እግሯን ሰበሰበች፤ ግን ዘግይታ ነበር። ልጁ አይቶታል።

ዝሆኔ ነው። ሁለቱም እግሯ ከጉልበት በታች አብጧል፤ ቆዳው ጠጥሯል። የጀመራት የ20 ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ምች ነው ተባለ፤ ድግምት የረገጠች ነው ተባለ። ባሏ ጥሏት ሄደ። ይጋባል ተብሎ የምትበላበት ሳህን ለብቻው ሆነ። ያን ሳህን ለይቶ የሚያስቀምጠው፣ ከቤቱ ልጆች ሁሉ ታናሹ፣ እኔ ነበርኩ።

አይጋባም። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ይህን በሽታ ከሌላው የእግር እብጠት ለይቶ ከአፈር ጋር ያለውን ዝምድና አሳይቷል፤ ስሙንም ያወጣው «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት የግሪክ ቃላት ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው የደጋው ቀይ አፈር እጅግ ደቃቅ ብናኝ አለው። በባዶ እግር ዓመታት ሲረግጡት ብናኙ በቆዳ ዘልቆ ይገባል፤ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆስላል፣ በመጨረሻም ይዘጋቸዋል። ሁሉንም እኩል አይዘውም፤ ተጋላጭነቱ በዘር የሚወርድባቸው ቤተሰቦች አሉ። በኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ተገምቷል። መከላከያው ግን ምን ይመስላችኋል? ጫማ ነው። ከልጅነት ጀምሮ የሚደረግ ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ። በሽታው አንዴ ከገባ በኋላ ግን ገበያ ላይ ያለ ጫማ ሁሉ እምቢ ይላል። በጫማ እጦት የመጣ በሽታ፣ ጫማ የማያስደርግ በሽታ ይሆናል።

አሁን ኑዛዜዬን ስሙኝ። እኔ ለእህቴ በየዓመቱ ጫማ እልክላት ነበር። ገብርኤልን ምስክሬ አድርጌ እናገራለሁ፣ አንድ ዓመት አልዘለልኩም። መርካቶ እሄዳለሁ፤ ሻጩ «ቁጥሯ ስንት ነው?» ይለኛል፤ እኔም «ሠላሳ ስምንት» እላለሁ። ሠላሳ ስምንት የማን ቁጥር እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ምናልባት የባለቤቴ ነው። ያን ዕለት ልጁ አልጋው ሥር ሲያጎነብስ ካርቶኖቹን አገኛቸው፤ የተወሰኑት እንደታሸጉ ናቸው፤ የቀሩትን ለጎረቤት ልጆች ሰጥታለች። «ምነው ሳትነግሪኝ?» ብላት፣ «አንተ መላክህ ደስ ይልህ ነበራ» አለችኝ። ከዚህ በላይ የመታኝ ቃል የለም።

አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ዓለም የድህነትና የጀግንነት ተረት አድርጎ አወራው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምክንያት ግን ቀላል ነው፤ የቀረበለት ጫማ እግሩን አልተመቸውም። ልክ የሆነ ሲያገኝ፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ተጫምቶ አሸነፈ። ልክ ያልሆነ ጫማ ከባዶ እግር አይሻልም። ይህን እያወቅሁ ነው ለእህቴ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ስልክ የኖርኩት።

በማግስቱ ደብረ ታቦር ተመለስን። ገበያው ዳር አንድ ጫማ ሰፊ አለ፤ ወስፌው፣ ማስቲሹ፣ ከሰል ላይ የተጣደ ብረቱ። ልጁ ያን ግዙፍ ጫማ ፊቱ ዘረገፈው። ሰውየው በጥፍሩ ቆረቆረው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ፍርዱን ሰጠ።

«ይኼማ ኮንጎ ነው» አለ። «ገበር የገባለት ኮንጎ።»

ልጁ ቢስቅም ሰውየው እውነቱን ነው። የተቀደደ ኮንጎ በጋለ ብረት እያቀለጠ ሲያጣብቅ የኖረ ሰው፣ ፕላስቲክ ሲሞቅ እንደሚታዘዝ ከማንም በፊት ያውቃል። ሁለቱ ወዲያው ተግባቡ። ምን ልበላችሁ፣ እኔ መሐላቸው ትርፍ ሰው ሆንኩ። ሰውየው በተራው ስለ ጉና ጫማዎች ትንተና ሰጠን። በረባሶ የመኪና ጎማ ስለሆነ እሾህ አይበሳውም፣ ዓመት ከዓመት ይሄዳል፤ ግን ክፍት ነው፣ አፈሩ ከእግር አይለይም። ኮንጎ ርካሽ ነው፣ ይታጠባል፣ ወዲያው ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ግን እግር ይቀቅላል። ከስክስ ድንጋይ አይፈራም፤ ሲርስ ደግሞ እግር አያስነሣም። «ሁሉም የሚሆነው እግር አለው» አለ ሰውየው።

«ያበጠ እግርስ?» አለው ልጁ።

«ያበጠ እግር የሚያመጣልኝ የለም። ይደብቁታል።»

የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይዘን ወደ እህቴ ሄድን። ሰውየውም አብሮን መጣ። ልጁ እህቴን አስቁሞ በእርሳስ ዙሪያውን ነደፈ። «ተቀምጠው አይለካም፤ እግር ሸክሙን ሲይዝ ነው መጠኑ የሚታወቀው» አለ፤ ከበረዶው ጫማ የተማረው ነው። ጫማ ሰፊው ደግሞ ክር አውጥቶ ከጣቷ ሥር፣ ከመሐል እግሯ፣ ከቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ለክቶ ቋጠሮ አሰረ። ማታ እንደገና ለካ። «እግር ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም» አለ። የሁለቱ ቋጠሮዎች ልዩነት አንድ ጣት ያህል ነበር። እህቴ በመጀመሪያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር፤ ሁለተኛው ልኬት ላይ ግን «ግራው ይበልጣል፣ እሱን አስተውል» ብላ ታዝዝ ጀመር።

የመጀመሪያው ጥንድ ለከተራ ደረሰ። ግን አልሆነም። ስፌቱ ከውስጥ ስለነበር ትንሿ ጣቷ አጠገብ ላጣት። ለእንዲህ ያለ እግር ትንሽ ቁስል ትንሽ አይደለም፤ ተባይ በዚያ ይገባል፣ ትኩሳትና ሕመም ያስተኛል። ስለዚህ ጥምቀትን ቤት ዋለች። ታቦቱ ሲያልፍ እልልታውን ከደጇ ሆና ሰማችው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እኮ ጫማ ይወልቃል፤ እዚያ ሁሉም ባዶ እግሩን ነው። ዓመታት ያስቀራት መንገዱና መንገዱ ላይ ያለው የሰው ዓይን ነው።

ለሁለተኛው ጥንድ ስፌቱ ወደ ውጭ ዞረ። ፊቱ እስከ ጣቱ ድረስ ተከፈተ፤ እግር እንዲገባበት ሳይሆን እንዲያርፍበት። ሶሉ ሰፊ የጎማ ቁራጭ፣ ላይኛው የለሰለሰ ቆዳ ሆነ። አንድ ነገር ቀረ፤ ጠዋት የሚጠብቅ፣ ማታ የሚላላ ማሰሪያ። ልጁ ከበረዶ ጫማው ቅልጥም ላይ እርስ በርሱ የሚጣበቀውን ሰፊ ማሰሪያ በቢላ ቆርጦ ሰጠው። ከግራውም ከቀኙም። «ክብደት ቀነሰልኝ» አለ። በዚህኛው አልሳቅሁም።

ጫማ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብን፣ ማድረቅን፣ ቅባት መቀባትን፣ በፋሻ መጠቅለልን፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግን አስተማረቻት። እብጠቱ ቀንሷል፤ አልጠፋም። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ላበጠ እግር በልኩ ጫማ የሚሰፉ ባለሙያዎች እንዳሉ በኋላ አነበብኩ። ጥበቡ አገራችን ውስጥ አለ ማለት ነው። እኔን የጎደለኝ ወረቀት ዘርግቶ መለካት ነበር።

ሰኔ ላይ ስልክ ደወለች። ስሞታ ነው። ገበያ ሄዳ ጫማው ጭቃ ጠጥቶባት ነበር።

«ይኼኛው ለዳገቱ ጥሩ ነው» አለችኝ፤ «ቁልቁለት ላይ ግን ጣቴን ይገፋኛል። ለልጁ ንገረው። ደግሞ አንድ አይበቃኝም፤ ለገበያ ሌላ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሌላ ነው የሚያስፈልገኝ።»

ለልጁ ጻፍኩለት። እኔም መርካቶ ሄድኩ፤ ካልሲ ፈልጌ። ሻጩ እንደልማዱ ቁጥሯን ጠየቀኝ። ከኪሴ የሲሚንቶ ወረቀቱን አውጥቼ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁለት።