የወደቀውን ዛፍ ማን ያነሳል? ሒሳቡንስ ማን ይከፍላል?

መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ደመራ የተለኮሰ ዕለት፣ ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ በደረጃ 4 ጉልበቱ የፍሎሪዳን የባሕር ዳርቻ መታ። በማግስቱ በመስቀል ቀን፣ ከባሕሩ እጅግ ርቀው የሚገኙት የሰሜን ካሮላይና ተራሮች በጎርፍ ተጥለቀለቁ። በአሽቪል ከተማ የሚያልፈው የፍሬንች ብሮድ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1916 ያስመዘገበውን ከፍታ አልፎ ሄደ። በዚያ ግዛት ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአሽቪል የቧንቧ ውኃ ሳይፈላ ለመጠጣት እስኪፈቀድ 53 ቀናት ወሰደ።

ይህን ዓለም በዜና አይቶታል። ከካሜራው መሄድ በኋላ የቀረውን ግን ብዙ ሰው አላየውም። የቀረው ክምር ነው። ሥሩ የተነቀለ ዛፍ፣ የተገነጠለ ጣሪያ፣ ጭቃ የጠጣ ፍራሽ፣ ማቀዝቀዣ፣ የልጆች ብስክሌት፣ የሰው ድልድይ። የግዛቱ የደን አገልግሎት ባወጣው ግምት ጉዳት የደረሰበት ደን ብቻ ከ800,000 ኤከር ይበልጣል። ቺምኒ ሮክ ከምትባለው ትንሽ መንደር ጎርፉ ጠርጎ የወሰደው ቤትና ሱቅ ከሥሯ ባለው የሉር ሐይቅ ላይ ተከምሮ ታየ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ያነሳዋል? ካነሳው በኋላስ ማን ይከፍላል?

ጥያቄው ተራ የጽዳት ጉዳይ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን አንድ ከተማ ከአደጋ በኋላ ከተማ ሆኖ መቀጠል አለመቀጠሉ የሚወሰነው እዚሁ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነዋሪው ከግቢው ያወጣውን ፍርስራሽ በየዓይነቱ ለይቶ መንገድ ዳር እንዲያስቀምጥ ይነገረዋል። ዛፍና ቅርንጫፍ ለብቻ። የግድግዳና የጣሪያ ስብርባሪ ለብቻ። ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ ለብቻ። ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ለብቻ። ቀለም፣ ባትሪና ኬሚካል ለብቻ። ክምሩ የውኃ ቆጣሪና የኤሌክትሪክ ሳጥን አጠገብ እንዳይሆን ይጠየቃል፤ የማንሻው ማሽን ጥፍር ቆጣሪውንም አብሮ ይነቅለዋልና።

ከዚያ መኪናው ይመጣል። መኪናው ግን ዝም ብሎ የመጣ መኪና አይደለም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጭነት ሳጥኑ በውስጥ በኩል ተለክቶ፣ ስንት ኪዩቢክ ያርድ እንደሚይዝ በጎኑ ላይ ተለጥፎበታል። ሲጭን አንድ ተቆጣጣሪ አጠገቡ ቆሞ ከየት መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ፍርስራሽ እንደጫነ ይመዘግባል። ማራገፊያው ጋ ሲደርስ ደግሞ ከፍ ካለ ማማ ላይ የቆመ ሌላ ተቆጣጣሪ ቁልቁል ተመልክቶ “ይህ 90 በመቶ ሞልቷል፣ ያኛው 60 ነው” ይላል። ክፍያው የሚሰላው ከዚያ ቁጥር ነው። ቅርንጫፍ ወደ ውጭ አንጨፍርሮ የተጫነ መኪና ከሩቅ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። ማማው የተሠራው ለዚህ ነው።

ያልወደቀው ዛፍ እንኳ መለኪያ አለው። ተሰብሮ መንገድ ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ በፌደራል ገንዘብ እንዲቆረጥ ስብራቱ ላይ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ሊኖረው ይገባል። የተንጋደደ ዛፍ ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከዚያ የቀጠነውን ከተማው ከፈለገ በራሱ ኪስ ይቁረጥ።

ይህን ሁሉ ለሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚመጣበት ስሜት ንዴት ነው። ሰው ቤቱ ፈርሶበት እነዚህ ሰዎች የቅርንጫፍ ውፍረት ይለካሉ? ንዴቱ ልክ ነው። ግን ደረሰኙ ከሌለ ገንዘቡ የለም።

ገንዘቡ የሚመጣው በዋናነት የፌደራሉ መንግሥት የድንገተኛ አደጋ ኤጀንሲ ከሆነው ከፌማ ነው። ፕሬዚዳንቱ የከባድ አደጋ አዋጅ ሲያወጡ ፌማ ቢያንስ 75 በመቶውን ወጪ ይሸፍናል። ቀሪውን ግዛቱና ከተማው ይከፋፈላሉ። ይህ በወረቀት ላይ ለጋስ ይመስላል። ሁለት ነገሮች ግን አሉበት።

አንደኛው፣ ፌማ የሚከፍለው በአብዛኛው ተመላሽ አድርጎ ነው። ከተማው አስቀድሞ ያወጣል፤ ደረሰኙን ያቀርባል፤ ይጠብቃል። ሁለተኛው፣ 25 በመቶ ትንሽ የሚመስለው ጠቅላላው ትንሽ ሲሆን ነው። የዓመት በጀቷ 4 ሚሊዮን ዶላር የሆነች ትንሽ ከተማ አንባቢ ያስብ። የፍርስራሽ ሒሳቡ 20 ሚሊዮን ቢመጣ፣ ሩቡ 5 ሚሊዮን ነው። የፖሊሱን፣ የመብራቱን፣ የቤተ መጻሕፍቱን ወጪ ሁሉ ብታቋርጥ እንኳ የአንድ ዓመት በጀቷ ድርሻዋን አይሸፍንም። ያም ሆኖ ተመላሹ እስኪመጣ ድረስ ሌላውን 15 ሚሊዮን ከየት አምጥታ ኮንትራክተሩን ትክፈለው? ሰሜን ካሮላይና ውስጥ የግዛቱ ምክር ቤት ለከተሞችና ለካውንቲዎች የብድር ገንዘብ መመደብ ያስፈለገው ለዚህ ነው። አሽቪልንና ዙሪያውን ባለው ካውንቲ ደግሞ ሥራው ከአካባቢው አቅም በላይ ስለነበር የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ገብቶበታል።

ባይደን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የፍርስራሽ ማንሻውንና የአስቸኳይ ጊዜ ሥራውን ወጪ ፌደራል መንግሥቱ 100 በመቶ እንዲሸፍን ፈቀዱ። ጊዜው ሲያልቅ አገረ ገዢው ጆሽ ስታይን እንዲራዘም ጠየቁ። በሚያዝያ 2025 (እ.ኤ.አ.) ፌማ አይሆንም አለ። ይግባኙም አልተሳካም። ድርሻው ወደ 90 በመቶ ወረደ። “90 በመቶ ምን አነሰው?” የሚል ይኖራል። ግዛቱ የአደጋውን ጠቅላላ ጉዳት ወደ 60 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። ከእንዲህ ያለ ቁጥር ለፍርስራሽና ለአስቸኳይ ሥራ የሚውለው ትንሽ ቁራጭ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ አሥር በመቶው በመቶ ሚሊዮኖች ሊቆጠር ይችላል።

ከዚያ በፊት፣ በጥር 2025፣ ትራምፕ ሥልጣን በያዙ በቀናት ውስጥ እዚያው ምዕራብ ሰሜን ካሮላይና ተገኝተው ፌማን ስለማፍረስ ተናግረው ነበር። በሰኔ ደግሞ በወቅቱ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር የነበሩት ክሪስቲ ኖኤም ከ100,000 ዶላር በላይ የሆነ ወጪ ሁሉ በእሳቸው ፊርማ እንዲያልፍ አዘዙ። በፍርስራሽ ሥራ 100,000 ዶላር ምን ያህል እንደሆነ ከላይ ያለው ስሌት ይናገራል። የማማው ላይ ተቆጣጣሪ ሥራውን ጨርሶ፣ ደረሰኙ ተሟልቶ፣ ከተማው ከፍሎ፣ ወረቀቱ ግን ዋሽንግተን ጠረጴዛ ላይ ይተኛ ነበር።

ለኤጀንሲው የሚቆረቆሩ ሁሉ ግን አንድ ነገር መካድ የለባቸውም። ቁጥጥሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከካትሪና በኋላ ሥራው ከዋና ኮንትራክተር ወደ ንዑስ፣ ከንዑስ ወደ ንዑስ ንዑስ እየወረደ፣ መጨረሻ ላይ መኪናውን የሚነዳው ሰው የሚያገኘው ላይኛው ከተቀበለው ዋጋ ጥቂቱን ነበር። ከፍርስራሽ ውል ጋር በተያያዘ በጉቦ የተፈረደባቸውም አሉ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ መንገዱ በዛፍ የተዘጋበት ከንቲባ የመጣለትን ኮንትራክተር ሁሉ በጠየቀው ዋጋ ይፈርምለታል። በኋላ ኦዲተር መጥቶ “ያለ ጨረታ ነው የሰጠኸው፣ ገንዘቡን መልስ” ሲለው የሚከፍለው ከንቲባው አይደለም፤ የከተማው ግብር ከፋይ ነው።

ስለዚህ ብልህ ከተሞች ጨረታውን የሚያወጡት ሰማዩ ጥርት ባለበት ወቅት ነው። ዋጋው ተስማምቶ፣ ማራገፊያው ቦታ ተመርጦ፣ ውሉ ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ዐውሎው ካልመጣ ምንም አይከፈልበትም። ከመጣ ግን በማግስቱ ስልክ ይደወላል። ተቆጣጣሪውንም ለብቻው በሌላ ውል ይቀጥሩታል፤ የሚጭነውና የሚለካው አንድ ድርጅት ከሆነ ልኬቱ ትርጉም የለውምና። እንዲህ ያላደረገ ከተማ ድስት ጥዶ ማልቀስ ይቀረዋል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ግን በመሐል የሚወድቅ ሰው አለ። የፌደራሉ ገንዘብ በመርሕ ደረጃ ለሕዝብ መንገድና ለሕዝብ ቦታ ነው። በእነዚያ ተራሮች ግን ብዙ ሰው የሚኖረው በግል መንገድና በግል ድልድይ ጫፍ ነው። ድልድዩ በጎርፍ የሄደበት ሽማግሌ ፍርስራሹን “መንገድ ዳር አውጣ” ሲባል በየት በኩል ያውጣው? ለእንዲህ ዓይነቱ የግል ይዞታ ልዩ ፈቃድ አለ። ባለቤቱ ሠራተኞች ግቢው እንዲገቡ የፈቃድ ቅጽ ይፈርማል፤ ኢንሹራንስ ከከፈለው በላይ እጥፍ እንዳይከፈል ይጣራል። ቅጹን ለመሙላት ግን መጀመሪያ መስማት፣ ከዚያ ቢሮው ድረስ መድረስ ያስፈልጋል። ክምሩ ቶሎ የሚነሳለት ብዙ ጊዜ መኪና፣ ስልክና ትርፍ ሰዓት ያለው ሰው ነው።

በዚህ ሁሉ የወረቀት ክምር ውስጥ ኢትዮጵያዊ አንባቢን ሊያስገርም የሚገባ አንድ ሕግ አለ። ጎረቤት ለጎረቤት በነፃ የሠራው ሥራ እንደ ገንዘብ ሊቆጠር ይችላል። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ወጣቶች ለከተማው ሞተር መጋዝ ይዘው መንገድ ቢከፍቱ፣ ስማቸው፣ ቀኑ፣ የሠሩበት ሰዓት፣ ቦታውና የሥራው ዓይነት እስከተመዘገበ ድረስ፣ ጉልበታቸው በገንዘብ ተተምኖ ከተማው ከሚያዋጣው ድርሻ ላይ ሊቀነስ ይችላል። በጎ ፈቃደኞቹ አንድም ሳንቲም አይቀበሉም። ከተማው ግን ያን ያህል ብር ከካዝናው አያወጣም።

ይህ በሌላ ስም ደቦ ነው። ልዩነቱ ደብተሩ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ነፋስ የትምህርት ቤት ጣሪያ ሲገነጥል ወይም ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥ፣ ከማንም በፊት የሚደርሰው የመንደሩ ሰው ነው። እድሩ ድንኳን ያወጣል፣ ወጣቱ አካፋ ይይዛል፣ እናቶች ቆሎና ውኃ ያቀርባሉ። ከሳምንት በኋላ ግን ያ ሁሉ ጉልበት የትም አልተጻፈም። ሪፖርት ሲቀርብ “በኅብረተሰቡ ተሳትፎ” በሚል አንድ ሐረግ ያልፋል። ስንት ሰው፣ ስንት ቀን፣ ስንት ብር የሚያወጣ ሥራ? ያልተጻፈ ጉልበት ማንም አይጠየቅበትም፤ በቀጣዩ በጀትም ማንም አያካክሰውም።

የተነሳው ነገር የት ይደፋል የሚለውም እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጊዜያዊ ማራገፊያ ላይ ቅርንጫፉ ይፈጫል፤ አራት መኪና ተፈጭቶ አንድ መኪና ገደማ ይሆናል። ቀሪው ወደ መጨረሻ ቦታው ይሄዳል። ጊዜያዊ የተባለው ቦታ ቋሚ እንዳይሆን መዝጊያ ቀን ይቆረጥለታል። ክምር ሰው አጠገብ ሲረሳ ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ ከማንም በላይ ታውቃለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገድሏል። እዚያ ያለቁት ሰዎች ቆሻሻው የእነሱ አልነበረም፤ ከተማው ሁሉ ያመጣው ነበር።

የአሽቪልን ነገር ሩቅ አገር ያለ የሀብታም ችግር አድርጎ ማለፍ ይቻላል። እዚያ ያለው ገንዘብ እዚህ የለም፤ ይህ እውነት ነው። ከሥራው ግማሹ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ማራገፊያ ቦታን ከክረምት በፊት መምረጥ፣ ዋጋን ሳይቸግር መደራደር፣ የሚጭነውንና የሚለካውን መለየት፣ የመጣውን ሰው ስምና ሰዓት በደብተር መያዝ። ይህን ማንኛውም የወረዳ ጽሕፈት ቤት በአንድ እስክሪብቶ ሊጀምረው ይችላል።

ሰኔ ሲገባ በየከተማው የምክር ቤት ስብሰባ አለ። አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ማንንም አያስቀይምም። ጎርፍ ወይም ነፋስ ቢመጣ መንገዱን የሚከፍተው ማን ነው? ፍርስራሹ የሚደፋው የት ነው? ሒሳቡን የሚይዘው ማን ነው? መልሱ ዝምታ ከሆነ፣ ዝምታው በቃለ ጉባኤ ይያዝ።