ከገዳሪፍ ገበያ እስከ ኡም ራኩባ፦ የተጣለ ዕቃ መንገድ

ዛሬ ብዙዎቻችን ስለተመላለስንበት መንገድ ላጫውታችሁ፤ ከገዳሪፍ ገበያ ተነሥቶ ኡም ራኩባ ካምፕ ስለሚደርሰው። በዚህ መንገድ ከሰውና ከማሽላው ጋር የተቃጠለ ቻርጀር፣ ድምፁ የጠፋ ራዲዮና የደከመ የመኪና ባትሪም አብሮ ይጫናል።

ገዳሪፍን ሁላችንም የምናውቃት በማሽላና በሰሊጥ ነው። ትልቁ የእህል ጎተራዋ ከሩቅ ይታያል፤ በአጨዳ ወራት ስንቱ ወገናችን በእርሻዎቿ ላይ ላቡን አፍስሷል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ከካርቱምና ከሌላም ቦታ የሸሸ ብዙ ሕዝብ ገብቶባታል። ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሮጥ ሞባይሉን አይጥልም። መብራት በሚጠፋበት አገር ሞባይል የያዘ ሁሉ ደግሞ አንድ ቀን የጠጋኝ ደንበኛ መሆኑ አይቀርም።

ፈቃድ አግኝቼ ገዳሪፍ የሄድኩ ዕለት አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ጆንያ አንጥፈው የተበላሸ ዕቃ ሲሸጡ አየሁ። የራዲዮ ሆድ ዕቃ፣ የማራገቢያ ሞተር፣ ቁርጥራጭ ሽቦ፣ መስተዋቱ የረገፈ ሞባይል፣ ሁሉም እዚያ ነበር። "አባቴ፣ ይሄ ሁሉ ለምን ይሆናል?" አልኳቸው በተሰባበረው አረብኛዬ። ሳቅ ብለው ከአንዱ ሞተር ውስጥ ቀጭን የመዳብ ሽቦ መዘዙና በምላጭ ጫፉን ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ይህ ዓይነቱ ሽቦ ቫርኒሽ የተቀባ ነው፤ ካልተፋቀ ምንም አያስተላልፍም። ሽቦውን ገዛሁ።

ማታ ወደ 10 ሜትር የሚሆነውን ከጎጆዬ ጣሪያ እስከ ዛፉ ወጥሬ የተፋቀውን ጫፍ ከራዲዮዬ አንቴና ጋር አሰርኩት። ቀድሞ ሹክሹክታ የነበረው የአጭር ሞገድ ጣቢያ ጥርት ብሎ ገባ። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ጊዜ አንሥቶ ስንቱ ስደተኛ እንዲህ ሽቦ እየወጠረ የአገሩን ወሬ አዳምጧል! አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ክረምት ገብቶ ነጎድጓድ ሲጀምር ሽቦውን ከራዲዮው ንቀሉት። መብረቅ ይጠራልና።

ወደ ካምፑ እንመለስ። መንገዱ በበጋ አቧራ ነው፤ በክረምት ደግሞ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ሎሪውን ጎማውን ይዞ አላስኬድ ይላል። ኡም ራኩባ ከድንበሩ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ራኩባ በሱዳን አረብኛ የሣር ዳስ ማለት ስለሆነ ስሙን "የዳስ እናት" ብንለው ያስኬዳል። በ1977ቱ ድርቅ የተሰደደውን ወገናችንን ያስጠለለ ቦታ ነው። ኋላ ተዘግቶ ኖሮ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ለተሰደደው እንደገና ተከፈተ።

እዚያ አንድ ወጣት ጠጋኝ አለ። ስሙን አልጽፍም፤ እሱም አልፈለገም። ያለው ዕቃ አንድ ሶላር፣ አንድ የመኪና ባትሪ፣ አንድ ቴስተርና የጥርስ ብሩሽ ነው። ሊድ የሚያቀልጥበት የመብራት ብረት ስለሌለው የመዳብ ዘንግ ጎረቤቱ ቡና በምታፈላበት ከሰል ላይ አግሎ ይሠራል። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ እሱም አንድ ቻርጀር ይጨርሳል።

አንድ ቀን ከእሱ ዘንድ ተቀምጬ ሳለ አንዲት እናት መጡ። ሞባይላቸው ሐምዳይት ላይ የሰቲትን ወንዝ ሲሻገሩ ውሃ ገብቶበት ከዚያ ወዲህ አልነሣም ብሏል። "ልጄ፣ ስልኩ ቢቀርም ይቅር፤ የልጄ ፎቶ ነው" አሉት። ፈታው፣ በስፒሪትና በብሩሽ ጠረገው፣ ቢሞክረው አልበራም። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሱ ግን ሚሞሪውን አውጥቶ በራሱ ሞባይል ውስጥ ከተተው። ልጁ በትምህርት ቤት ልብሱ ቆሞ ታየ። እናትየው ሞባይሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ገንዘብ ቢሰጡት አልተቀበለም።

ስለዚህ ውሃ የገባበትን ስልክ ቶሎ አትጣሉት፤ ለማብራትም አትቸኩሉ። ባትሪውን፣ ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን ወዲያው አውጡ።

ጠጋኙን "ሰው ምን ቢያውቅ ይጠቅመዋል?" ብዬ ጠየቅኩት። የነገረኝ ይህ ነው። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ ሞባይል ቻርጅ የሚደረገው ግን በ5 ቮልት ነው። ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ወደ ስልክ የሚያገናኝ ሰው ስልኩን ይገድለዋል። በመሐል የመኪና ሲጋራ ማቀጣጠያ ላይ የሚሰካውን ቻርጀር ማስገባት ያስፈልጋል። ባትሪው ሥራ ፈቶ ሳለ በቴስተር 12.6 ካሳየ ሙሉ ነው፤ ወደ 12 ከወረደ ማሳረፍ ነው። አሟጦ የሚጠቀም ባትሪውን ቶሎ ይቀብረዋል። ሶላሩን ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል አድርጎ መትከል፣ በየጠዋቱም አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ።

ከሁሉ በላይ ግን ያስጠነቀቀኝ ስለ እሳት ነው። ቤታችን ሣርና ሸራ ነው፤ በበጋ ነፋስ አንድ ጎጆ ከተያያዘ ጎረቤቱ አይተርፍም። ያበጠ የሞባይል ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ ቻርጅ አይደረግም። ማታ ሰው ተኝቶ ፍራሽ ላይ ቻርጅ ማድረግ ይቅርብን። ልጆች የመኪና ባትሪ ውሃ እንዳይነኩ፤ አሲድ ነው።

ለልጆቻችን ደግሞ ይህን ንገሩልኝ። ማላዊ ውስጥ ዊሊያም ካምክዋምባ የሚባል ልጅ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2002 በነበረው ረሃብ ለትምህርት የሚከፍለው አጥቶ ቀረ። ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሶ እያነበበ፣ ከብስክሌት ስብርባሪና ከወዳደቀ ብረት በነፋስ የሚዞር መብራት ማመንጫ ሠርቶ ቤቱን አበራ። ሰፈርተኛው መጀመሪያ አብዷል ብሎት ነበር።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አራት አምስት ጎረቤት አዋጥቶ አንድ ሶላርና አንድ ባትሪ ቢይዝ፣ ከመካከላችን አንድ ወጣት ሥራውን ቢማር፣ ልጆች ማታ ያጠናሉ፣ ስልካችንም ከዘመድ ጋር ያገናኘናል። ያ ወጣት ጠጋኝ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ማንንም አስተምራለሁ ብሏል። የሚከፈለው አንድ ስኒ ቡና ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።