የእናቴ ሣጥን



እናቴ ባረፈች በ40ኛው ቀን፣ ጸሎተ ፍትሐቱ ተደርጎ እንግዶች ከተሸኙ በኋላ፣ ከእኅቴ ጋር ሣጥኗን ከፈትን። ሁለት ነጠላ፣ ያልተለበሰ አዲስ ጋቢና የጧፍ ሰም የነካው ዳዊቷ ነበሩበት። እኅቴ «ልብሱ ለነዳያን ይሰጥ» ስትል ተቃወምሁ። ጠረኗ ያለበትን ነጠላ ለማላውቀው ሰው መስጠት፣ እርሷን ዳግመኛ መቅበር መሰለኝ።

እኅቴ ግን «ጋቢውን ለማን ያዘጋጀችው ይመስልሃል?» አለችኝ። ዝም አልሁ። በየክረምቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚጠለሉ አረጋውያን ጋቢ ማልበስ የእናታችን ልማድ ነበርና። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 እንደተጻፈው፣ ጣቢታ ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት ያደረገችላቸውን ልብስ ነው። ምስክሯ በሣጥን ያኖረችው ሳይሆን የሰጠችው ነበር።

በማግሥቱ ልብሱን ይዘን ሄድን። ጋቢውን የተቀበሉት አረጋዊ አስቀድመው የጠየቁኝ፣ በጸሎታቸው ሊያስቧት፣ ስመ ክርስትናዋን ነበር። ጋቢው በሣጥን ቢቀር ኖሮ፣ ስሟን የሚጠራላት አንድ ሰው ባሳጣኋት ነበር።

ዳዊቷን እኔ ወሰድሁ። እርሱንም ዘግቼ ካስቀመጥሁት ልብሱን ከመከልከል አይለይምና፣ እነሆ በየማለዳው እየተንተባተብሁም ቢሆን እደግመዋለሁ።