ቤት እየነዱ ወደ ባሕር



ከመሰላ ተነስቶ ጭሮ ገበያ ውሎ መመለስን እንደ ትልቅ ጉዞ ከሚቆጥር ቤተሰብ የተገኘሁ ነኝ። ሙያዬ መምህርነት ሲሆን የማስተምረው ፊዚክስ ነው። ልጅ ሳለሁ ጠዋት አስኳላ ውዬ ከዐስር ሶላት በኋላ መድረሳ እሄድ ነበር። እዚያ ሰፊነቱ-ነጃ በተባለችው ትንሽ የፊቅህ ኪታብ ውስጥ መንገደኛ ሶላቱን የሚያሳጥርባቸውን ሰባት መስፈርቶች በቃሌ ስሸመድድ፣ አንድ ቀን አልጋና ምድጃ የተጫነበት መኪና እየነዳሁ እፈልጋቸዋለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ነገሩ የተጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። ታናሽ ወንድሜ በዚያ ዓመት ከአገር ወጣ። እናቴ የምታውቀው ቪዛ አግኝቶ በአውሮፕላን እንደሄደ ነበር። እንዲህ ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። እውነቱ ግን በመተማ አድርጎ ሱዳን፣ ከሱዳን ሊቢያ መግባቱ ነው። ሊቢያ ላይ ደላሎች ይዘውት የማስለቀቂያ ገንዘብ ሲጠይቁ አንድ ጥማድ በሬ ሸጥኩ፣ የጫት ማሳችንንም አስያዝኩ። (የጫትን ነገር ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን።) ለእናቴ ‹‹ለትኬት ነው›› አልኳት። ከዚያ ባሕሩን ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2014 ብቻ ሜዲትራንያን ላይ ከ3 ሺሕ የሚበልጡ ስደተኞች መሞታቸው ተመዝግቧል። እሱ አልሐምዱሊላህ ከተረፉት ሆነና ጀርመን ገባ።

በስደተኛነት ስለተመዘገበ የሚይዘው የጉዞ ሰነድ ወደ አገሩ አያስገባውም። ስለዚህ መሄድ የነበረባት እናቴ ናት። ወንድሜ የእንግዶቹን ወጪ ሁሉ እንደሚሸፍን እዚያ መሥሪያ ቤት ቀርቦ ፈረመ፤ እኛም 30 ሺሕ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ገዝተን፣ ከብዙ ምልልስ በኋላ ቪዛው ተገኘ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ እኔ አጃቢ ሆኜ ከቦሌ ወደ ፍራንክፈርት ተነሳን።

እናቴ ቅቤና ቋንጣ ልትይዝ ነበር። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ወደ አውሮፓ ማስገባት ክልክል መሆኑን ስነግራት፣ ‹‹ልጄ ታዲያ ምን ሊበላ ነው?›› ብላ ግማሽ ቀን አኮረፈች። በምትኩ ሆጃ የሚፈላበትን የቡና ገለባና አንድ ጀበና ያዘች። ጀበናውን በጋቢዋ ጠቅልላ ሌሊቱን ሙሉ ከጭኗ አላወረደችውም። እሷ ተኝታ እኔ ከፊቴ ባለው ስክሪን ላይ ካርታውን አየሁ። ትንሿ አውሮፕላን ሜዲትራንያን ላይ ደርሳለች። ወንድሜ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት የተንገላታበትን ባሕር እኛ ሻይ ጠጥተን ኩባያው ሳይሰበሰብ አለፍነው። መስኮቱን ዘጋሁ።

ወንድሜ አውሮፕላን ማረፊያ የጠበቀን በምርኩዝ ነበር። ሥራ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ እግሩ በጀሶ ታስሯል። እናቴ ያለቀሰችው ለዘጠኙ ዓመት ይሁን ለእግሩ አልለየሁም። ማታ ከበላን በኋላ ወንድሜ ጉዱን አወጣ። እናቴን ባሕር ሊያሳያት ለአንድ ሳምንት ሞተርሆም ተከራይቷል፤ ክፍያውም አይመለስም። ሆቴል ያልመረጠው ለእናቴ ውዱእ፣ ምግብና ሶላት እንዲመቻት ብሎ ነው። እሱ በዚያ እግሩ አይነዳም፣ ባለቤቱ መንጃ ፈቃድ የላትም። ሁሉም እኔን አዩኝ።

እኔ ደግሞ የነዳሁት የአጎቴን ፒክ አፕ ነው፤ ያውም ከመሰላ ጭሮ። መንጃ ፈቃዴን አስቀድሞ ወንድሜ ባለኝ መሠረት አስተርጉሜ ይዤ ነበር፤ ‹‹ምናልባት ካስፈለገ›› ነበር ያለኝ። አከራዩ ዘንድ ሄደን ስሜ በሹፌርነት ውሉ ውስጥ ገባ። መኪናው ፊያት ዱካቶ ነው። በአገራችን ፊያት ሲባል የሚታወሰን ያ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው፤ ይሄኛው ግን ጀርባው ላይ ነጭ ቤት ተሠርቶበታል። ርዝመቱ 7 ሜትር፣ ቁመቱ ከ3 ሜትር ያልፋል። ከሹፌሩ አናት በላይ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ቆጥ አለው። ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት ሳይቀር አለው። በጀርመን ሕግ በተራው የመኪና መንጃ ፈቃድ የሚነዳው ተሽከርካሪ ከነጭነቱ ከ35 ኩንታል መብለጥ የለበትም፤ አብዛኞቹ ሞተርሆሞችም ይህን ልክ እንዳያልፉ ተደርገው ነው የሚሠሩት። ባዶው ወደ 30 ኩንታል ከመዘነ፣ ለስድስት ሰው፣ ለውሃ፣ ለጋዝና ለዕቃ የሚተርፈው ትንሽ ነው። 100 ሊትር ውሃ ብቻውን አንድ ኩንታል ነው። የወንድሜ ባለቤት ያዘጋጀችውን ሩዝና ዱቄት ግማሹን ያስቀነስኳት ለዚህ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም።

እሑድ በጀርመን ሱቆች ዝግ ስለሆኑ የአንድ ትልቅ ሱቅ መኪና ማቆሚያ ባዶ ነበር። ልምምዱ እዚያ ሆነ። ወንድሜ ከጎኔ ምርኩዙን ይዞ ተቀመጠ፤ የነዳሁት ግን በሁለተኛ ማርሽ ሳይሆን በላብ ነበር። ፊት ለፊት መንዳቱ ቀላል ነው፤ አደጋው ያለው ጭራው ላይ ነው። ከኋላ ጎማው ወዲያ ሁለት ሜትር ያህል አካል ተንጠልጥሎ ስለቀረ፣ መሪውን ወደ ግራ ስትጠመዝዙ ጭራው ወደ ቀኝ ይወጣል። ይህን ለተማሪዎቼ በጠመኔ ሠርቼ ማስረዳት እችላለሁ። እዚያ ቦታ ግን ያስረዳኝ የብረት ምሰሶ ነው። ‹‹ቋ!›› አለ። ወርደን ስናይ የቀኙ ጥግ አንድ ክንድ ያህል ተጭሯል። ከማስያዣው ገንዘብ ላይ እንደሚቆረጥ ሁለታችንም ገባን። ወንድሜ ሳቀና፣ ‹‹አቦ፣ ቀስ በል! ምሰሶው አይሸሽም›› አለኝ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከስፖኪዮው አላነሳሁም፤ ወደ ኋላ ስሄድም አንድ ሰው ወርዶ እንዲያሳየኝ ግድ አደረግሁ። አገራችን ረዳት የሚባለው ሰው ለካ ሹፌሩን ከብዙ ነገር ነው የሚያድነው።

ሰኞ ጠዋት ተነሳን። በሱረቱ ዙኽሩፍ 13ኛና 14ኛ አንቀጽ ያለውን የመሳፈሪያ ዱዓእ እናቴ ጮክ ብላ አለች፤ ልጆቹ ተከተሏት። የመጀመሪያውን ፍሬን ስይዝ ቁም ሳጥኑ ተከፈተና ጀበናው ተወርውሮ ወንድሜ እግሩን ያሳረፈበት ትራስ ላይ ወደቀ። አልተሰበረም። ቁም ሳጥኖቹ ሁሉ ሳይቆለፉ፣ የጋዙም ቫልቭ ሳይዘጋ ሞተር እንደማይነሳ ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ሕግ ሆነ።

አውቶባን ላይ ለመኪና የሚመከረው ፍጥነት 130 ነው፤ እኔ ከ90 አላለፍኩም። የጭነት መኪኖቹ እንኳ በትዕግሥት ተከተሉኝ። ካሰል አጠገብ ሲደረስ መንገዱ እንደኛው አገር ዳገትና ቁልቁለት ይሆናል። ወንድሜ ሊመክረኝ አፉን ሲከፍት፣ አጎቴ ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ሲወርድ የሚላት ትዝ አለችኝ፤ ‹‹በወጣህበት ማርሽ ውረድ።›› ሦስተኛ አስገባሁ፤ ፍሬኑም ሳይግል ወረድን። በዚያን ጊዜ ነው መንዳቴን ያመንኩት።

ሰፊነቱ-ነጃ የመንገደኛን ርቀት የምትለካው በግመል የሁለት ቀን መንገድ ነው። እኛ በጥቂት ሰዓት አለፍነው። በሻፊዒያ መዝሀብ ስለምንሄድ ዙህርና ዐስርን አሳጥረንም አዋሕደንም መስገድ ተፈቀደልን። ክርክር የተነሳው በቂብላ ነው። ከመሰላ መካ በስተሰሜን ናት፤ እናቴም ዕድሜዋን ሙሉ ወደ ሰሜን ሰግዳለች። ጀርመን ላይ ቂብላው ደቡብ ምሥራቅ ነው። ‹‹መካ ቦታዋን ቀየረች?›› አለችኝ። ‹‹እኛ ነን ያለፍናት እማዬ›› አልኳት። ቤታችን ደግሞ በቆመ ቁጥር ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል፤ ትናንት ምድጃው ወዳለበት የሰገድን ዛሬ ወደ በሩ እንሰግዳለን። ልጆቹ ኮምፓስ ይዘው ቂብላ መፈለግን ጨዋታ አደረጉት። የውሃ አለቃ ግን እናቴ ሆነች። ጀርመን የተወለዱት ልጆች ቧንቧ ከፍተው የሚረሱ ናቸው። እሷ ጀሪካን ተሸክማ ያደገች ናት፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ነግራ በአንድ ኩባያ አሳየቻቸው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ከሐኖቨር ወዲያ አደርን። ማደሪያው ‹‹ካምፒንግ›› ሲባል እናቴ የስደተኛ ካምፕ መስሏት ደንግጣ ነበር። ሌሊት ስነሳ ወንድሜ አልጋው ላይ የለም። ውጪ በታጣፊ ወንበር ጀሶውን ዘርግቶ ተቀምጧል። ‹‹ውስጡ ሞቀኝ›› አለኝ። ሌሊቱ ግን ብርድ ነበር።

በማግስቱ ሐምቡርግ ደረስን። አውቶባኑ እዚያ ከኤልቤ ወንዝ ሥር በዋሻ ያልፋል። ዋሻው እ.ኤ.አ. በ1975 የተከፈተ ሲሆን ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ገብተን ብዙም ሳንሄድ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። ከኋላዬ የቀበቶ ማላቀቂያ ድምፅ ሰማሁ። ወንድሜ ተነስቶ በሩን ይዟል። ‹‹ልውረድ! አየር የለም፣ ልውረድ!›› ይላል። ባለቤቱ በጀርመንኛ፣ ልጆቹ በለቅሶ ይጣሩታል። እኔ መሪውን ይዣለሁ፤ ወደፊት መኪና፣ ወደኋላ መኪና ነው፤ ዞሬ እንኳ ላየው አልቻልኩም። የሰማሁት የእናቴን ድምፅ ብቻ ነው። ስሙን ጠርታ አስቀመጠችውና ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አድርጋ አያተል-ኩርሲይን ትቀራ ጀመር። ጨርሳ እንደገና ትጀምራለች። መኪኖቹ ሲንቀሳቀሱ መውጫው ዳገት ነው። ሞተሩ ቢጠፋብኝ፣ ወደ ኋላ ብንሸራተት ምን እንደሚሆን አሰብኩ። የእጅ ፍሬን ይዤ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ እየለቀቅሁ፣ ልክ እንደ ጭሮ ዳገት አስነሳሁት። ብርሃን ላይ ወጣን። መጀመሪያ ባገኘሁት ማረፊያ ቆሜ ሞተሩን ሳጠፋ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማታ ኪል ከተማ አጠገብ፣ ባልቲክ ባሕር ዳር ቆምን። መግሪብ የገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ሰግደን ልጆቹ ሲተኙ እናቴ ሆጃ አፈላች። ወንድሜ ሳይጠየቅ ተናገረ። ከአጅዳቢያ እስከ ትሪፖሊ በጭነት መኪና ኮንቴነር ውስጥ ተቆልፈው እንደሄዱ፣ ከጎኑ የነበረው የሐረርጌ ልጅ ጠዋት እንዳልነቃ፣ ስለ ጀልባው ሁሉ ነገራት። እኔም ‹‹ለትኬት›› ያልኩት ገንዘብ የምን እንደነበር ተናዘዝኩ። መድረሳ ውሸት ሐራም መሆኑን የተማርኩ፣ ልጆችንም የማስተምር ሰው ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ‹‹ለእሷ ብዬ ነው›› እያልኩ ስሸፍነው ኖሬያለሁ።

እናቴ ስኒውን አስቀመጠች። ‹‹አውቃለሁ›› አለች። ‹‹ለትኬት በሬ የሸጠ ሰው ሌሊት ሌሊት ስልክ ይዞ ከብት ጋጣ ገብቶ አያለቅስም። አንተ እንዳትሸማቀቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።›› ቀጥላም ወንድሜን የዚያን ልጅ አባት ስም ጠየቀችው፤ ያውቀው ነበርና ነገራት። ከሂርና ወገን ነው። ስንመለስ ሄዳ ለቤተሰቡ እንደምትነግር ተናገረች፤ አላህ ዕድሜ ሰጥቷት ሄዳለች።

ጠዋት ባሕሩ ጫፍ ድረስ በክንዳችን ደግፈን ወሰድናት። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ጨለፈችና ቀመሰችው። ‹‹ባሕር ጨው ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ይሄ ጨው አንሶታል›› አለች። ባልቲክ ብዙ ወንዝ ስለሚገባበት በእርግጥ ጨዉ አነስተኛ ነው፤ እኔም እንደ ልማዴ ላስረዳ ስጀምር ወንድሜ ቀደመኝ። ‹‹ያኛው ይመራል እማዬ›› አላት። ከዚያ ሁለቱ ብዙ ቆዩ፤ እኔ ልጆቹን ይዤ ዛጎል ለመልቀም ሄድኩ።

ስንመለስ በሌላ መንገድ ዞረን ዋሻውን ልንተወው እንደምንችል ለወንድሜ ነገርኩት። እንቢ አለ፤ ከፊት፣ ከእኔ ጎን ልቀመጥ አለ። ያን ቀን መንገዱ ክፍት ነበር። ከመግቢያው እስከ መውጫው ከአፉ ቃል አልወጣም፤ ምርኩዙን ብቻ አጥብቆ ይዟል። ብርሃኑ ሲታይ ‹‹መስኮቱን ክፈተው›› አለኝ።